የእመት አህዪት ጆሮና የቀበሮ ወፎች

አንድ ጊዜ እንስሳት ሁሉ ከአንድ ወንዝ በሚጠጡበት አገር አንዲት አህያ ነበረች። የአገሩ እንስሳት አክብረው «እመት አህዪት» ይሏታል። ጆሮዋ ረጅም፣ ትዕግሥቷ ከጆሮዋም የረዘመ፣ ሐሜት ሲነሣ ራሷን ደፍታ ሣሯን የምትግጥ ጨዋ ነበረች። የት እንደምታድር፣ በየትኛው መንገድ ወደ ወንዝ እንደምትወርድ፣ የትኛው እግሯ እንደሚያማት ለማንም አትናገርም። «የሆዴን ሆዴ ይወቀው» ትላለች። ይህ ነገር ኩራት እንዳይመስላችሁ። አህያ ሆኖ፣ ጅብ ባለበት አገር፣ ማደሪያን ማውራት ለራስ ጉድጓድ መማስ ነው።

ታዲያ አንድ ዓመት ክረምቱ እንደ ወጣ መዥገር እንደ ጉድ ፈላ። እንስሳው ሁሉ እያከከ የዛፉን ልጥ ገሽልጦ ጨረሰው። ከርከሮ ከግንድ ጋር ሲታገል ይውላል። የአገሩ ዳኛ አያ አንበሶ እንኳ ችሎት ላይ ተቀምጦ ፍርድ እየሰጠ፣ ከፍርዱ መሃል «ቆይ አንዴ» ይልና ጀርባውን ዋርካው ላይ ይፈትጋል። እመት አህዪትማ ጅራቷ አጭር፣ ጀርባዋ ረጅም፣ መከራዋን አየች።

በዚህ መሃል ቀበሮ ከተፍ አለ። ከኋላው መንቆራቸው የቀላ ትናንሽ ወፎች መንጋ አስከትሏል።

«ወገኖቼ!» አለ ጉቶ ላይ ወጥቶ። «ስቃያችሁ አንጀቴን በላው። እነዚህ ወፎች መዥገር ለቃሚ ናቸው። ለእያንዳንዳችሁ አንዳንድ አድላለሁ። ጀርባችሁ ላይ ተቀምጠው ሲለቅሙላችሁ ይውላሉ። በነፃ!»

«በነፃ?» አለች ኤሊ።

«በነፃ!»

«ምንም ሳንሰጥ?»

«ምንም! እግራችሁን ጭቃው ላይ ማተም ብቻ ነው።»

ነፃ የሚለውን ቃል ስትሰማ ኤሊም ተሰለፈች። በዚያ ድንጋይ በመሰለ ጀርባዋ ላይ መዥገር ምን ሊሠራ እንደሚቀመጥ የጠየቃት አልነበረም።

ጭቃው ላይ ማተም የአገሩ ልማድ ነው። በአንድ ነገር የተስማማ እንስሳ ከሾላው ዛፍ ሥር ባለው ጭቃ ላይ እግሩን ያሳርፋል። ጭቃው ይደርቃል፤ ከደረቀ በኋላ «አላልኩም» ማለት የለም። ቀበሮም ሕግ አክባሪ ነኝ ባይ ነውና፣ ከማተማቸው በፊት ውሉን በቃሉ ያነበንብላቸው ጀመር። ጀንበር ስትወጣ ነው የጀመረው።

«ወፊቱ በቀኝ በኩል ስትቀመጥ በቀኝ በኩል እንደ ተቀመጠች ይቆጠራል፤ በግራ በኩል ስትቀመጥ፣ ስለ ቀኝ በኩል የተባለው እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ በግራ በኩል እንደ ተቀመጠች ይቆጠራል፤ ወዲያና ወዲህ ስትል ደግሞ...»

ረፋዱ ላይ ኤሊ አንገቷን አስገብታ ማንኮራፋት ጀመረች። ከርከሮ ሥር ሊቆፍር ሄደ። ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ ከውሉ መሃል፣ ቀበሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወፊቱም ያየችውንና የሰማችውን ለቀበሮ ታደርሳለች፤ ቀበሮም እንደ ወደደ ያደርገዋል» የሚል ቃል አሳለፈ። እመት አህዪት ጆሮዋ ረጅም ነው ብያችኋለሁ። በዚያች ሰዓት ግን ሁለቱም ጆሮዎቿ ዝንብ በማባረር ሥራ ላይ ነበሩ።

«ተስማማችሁ?» ብሎ ቀበሮ ሲጮህ ሁሉም ብንን አሉ።

«እሺ! እሺ! እሺ!»

ጭቃው ባንድ አፍታ በኮቴና በመዳፍ ተሞላ።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ነገሩ ደስ ይል ነበር። ለእመት አህዪት የደረሰቻት ወፍ ጭሪት የምትባል ለፍላፊ ናት። ጠዋት ጠዋት ማጅራቷ ላይ ጉብ ትልና «እንዴት አደርሽ እትዬ?» ትላታለች። ከዚያ መዥገሩን ቀጭ ቀጭ እያደረገች ትለቅማለች፤ እየለቀመች ትጠይቃለች። የትኛው ሣር ይጣፍጥሻል? ትናንት ለምን አዛጋሽ? ያን ጥላ ለምን ወደድሽው? እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ አህያ ማዛጋት ግድ ያለው ፍጡር በዓለም ላይ አልነበረምና የእመት አህዪት ልብ ራራ። ዕድሜዋን ሙሉ ዝም ብላ የኖረችው ትንሽ ትንሽ ማውራት ጀመረች።

አንድ ቀን «የገብስ ገለባ አማረኝ» አለች። በማግሥቱ ጠዋት፣ ያገኘችውን ሁሉ እየዞረች የምትሸጠው ጦጣ ከቁጥቋጦ ውስጥ ዘላ ወጣች።

«የገብስ ገለባ! የገብስ ገለባ ለእመት አህዪት!»

«ውይ እመት ጦጢት! እንዴት አወቅሽ?»

«ዕድልሽ ነዋ!» አለች ጦጣ።

እመት አህዪትም ዕድሌ ነው ብላ፣ የጦጣን ዕቃ አንድ ቀን ሙሉ ተሸክማ ስትዞር ዋለችና ገለባዋን በላች።

ዕድሏ ግን ከልክ በላይ እየበዛ መጣ። አንድ ቀን በጭቃ ኩሬ አጠገብ ስታልፍ ቆም ብላ አየች። ያየችው ለማየት ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከርከሮ ከኋላዋ አልጠፋም። «ጭቃ! ቀዝቃዛ ጭቃ! ለጀርባ፣ ለሆድ፣ ለትካዜ!» ቢሰለቻት ገብታ ተንከባለለችና እስከ ጆሮዋ ተለውሳ ወጣች። ከርከሮ ኩሬው ዳር ቆሞ ይጠብቃታል።

«ጭቃ!» አላት።

«አያ ከርከሮ፣ አሁን እኮ ከጭቃ ውስጥ ነው የወጣሁት! አታየኝም?»

«አያለሁ እንጂ! ጭቃ እንደምትወጂ ነግረውኛል!»

«ማን ነው የነገረህ?»

«ጭቃ!» አለ ከርከሮ እንደገና። ከዚያ በኋላ ዐሥራ አምስት ቀን ሙሉ፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ጭቃ ጭቃ እያለ ተከተላት።

ድንጋይ ያደናቀፋት እንደሆነ ደግሞ ጃርት ከጉድጓዱ ብቅ ይላል። «ለአሮጌ ኮቴ ማለስለሻ! ለሚደናቀፍ ኮቴ!»

«ማን ነው አሮጌ?» አለችው አንድ ቀን ጆሮዋን አቁማ።

«እኔ ምን አውቄ እመቴ፤ ጩህ የተባልኩትን ነው የምጮኸው።»

ነገሩ ስለከበዳት ባሏን አማከረችው። ባሏ አባ አህዮ ክረምት ከበጋ ከመጋጥ ቀና ብሎ የማያውቅ ጭምት ነው።

«ስማኝማ፣ አገሩ ሁሉ ስለ እኔ የሚያውቅ አይመስልህም?»

አባ አህዮ ጉንጩ ሙሉ እንደሆነ አሰበበት። «ስምሽ ወጣ ማለት ነው» አለና ተመልሶ ራሱን ደፋ።

በዚያው ሰሞን እመት አህዪት አረገዘች። እዚህ ላይ ሌላ የአገሩን ልማድ ልንገራችሁ። ያረገዘች እንስሳ ልጇን ራሷ ይዛ ወደ ወንዝ እስክትወርድ ድረስ ስለ ሆዷ ማንም አያነሣም። ያየ አላየሁም ይላል፤ የጠረጠረም ይውጠዋል። ልጁ የመጀመሪያውን ውኃ ሲጎነጭ ያን ጊዜ እልልታው ይቀልጣል። የወሬው ባለቤት እናቲቱ ናት። ልማዱ ለጌጥ የወጣ አይደለም፤ የከበደች እናት መሮጥ አትችልም፣ በዚያ አገር ደግሞ ይህን ለማወቅ የሚጓጓ ጥርስ ሞልቷል።

እመት አህዪት ለማንም አልተናገረችም። ለባሏም፣ ለጭሪትም ቢሆን ትንፍሽ አላለችም። ግን አፍ ዝም ቢል አካል መች ዝም ይላል? ጥላ ስታይ ትቆማለች። የማትወደውን መራራ ቅጠል ማኘክ ጀምራለች። ዳገት ላይ ሁለት ጊዜ ትተነፍስ የነበረችው አምስት ጊዜ ትተነፍሳለች። ማጅራቷ ላይ የተቀመጠችው ትንሽ ወፍ ደግሞ መቁጠር ታውቃለች።

አንድ ጠዋት እንስሳት ሁሉ ወንዙ ዳር ተሰልፈው ውኃ ሲጠጡ እመት አህዪት ቀስ እያለች ወረደች። እግሯ ውኃውን ሳይነካ ጦጣ ከዛፍ ላይ ጮኸች።

«ወተት የሚያወርድ ቅጠል! ለምትወልድ እናት!»

ጃርት ከዚህ ወገን ተቀበላት። «የውርንጭላ እግር ማጽኛ ሥር! ከወዲሁ ያዙ!»

ከርከሮም ነበረ። «ጭቃ! ለከበደ ሆድ የሚስማማ ጭቃ!»

እንስሳው ሁሉ ከውኃው ላይ ቀና አለ። መጀመሪያ ሻጮቹን፣ ቀጥሎ እመት አህዪትን፣ ቀጥሎ ሆዷን አየ። አባ አህዮ የጠጣው ውኃ ባፍንጫው ወጣ።

«አንቺ» አለ እየሳለ፤ «እውነት ነው እንዴ?»

እመት አህዪት በዕድሜዋ እንደዚያ ቀን አፍራ አታውቅም። ከሐፍረቱም ያንገበገባት ሌላ ነው። ያን ወሬ ለወራት በልቧ ይዛ ስትደሰትበት፣ ራሷ የምታወጣበትን ቀን ስትናፍቅ ነው የከረመችው። ይኸው ያልወለዱት አወጡባት። ውኃዋን ሳትጠጣ ተመለሰች። ከወንዙ ማዶ፣ ከሸንበቆው ውስጥ፣ ሁለት ክብ ጆሮዎች ቀና ብለው እንደ ነበር አላየችም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጭሪት ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«እትዬ፣ ከጉብታው ጀርባ ጥሩ ቦታ አለ አሉ። ጥላ ያለው፣ ዝንብ የሌለበት፣ ውኃ የሚቀርበው። ለምትወልድ እናት ያለ ምንም ክፍያ።»

እመት አህዪት ቆም አለች። «ጥላ ያለው፣ ዝንብ የሌለበት፣ ውኃ የሚቀርበው ቦታ ባገኝ» ብላ የተመኘችው ትናንት፣ ለብቻዋ፣ ድምፅ ሳታወጣ በሚባል ሹክሹክታ ነበር። ቃል በቃል ያው ነው። ልቧ ጠረጠረ፤ እግሯ ግን ደክሞታል፣ ወገቧም ተቆርጧል። ማየት ምን አለበት ብላ ሄደች።

ከጉብታው ጀርባ የጠበቃት አያ ጅቦ ነው። አንድ እግሩን እየጎተተ፣ አንገቱን እየሰበረ መጣ። ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል የሚሉት ለካ እውነት ነው።

«እንኳን ደኅና መጣሽ እመት አህዪት! ግቢ፣ ግቢ! እኔ እንደምታይኝ ሽባ ነኝ፤ ሥጋም ትቻለሁ። የቀረኝ እናቶችን ማገልገል ነው። ቁርበት አንጥፌልሻለሁ!»

እውነትም አንጥፏል። እመት አህዪት ቁርበቱን አየችው። ትከሻው ላይ ጥቁር መስመር አለበት። ከጎኑ ጭነት የላጠው ያረጀ ጠባሳ አለ። ይህን ጠባሳ ታውቀዋለች። ከሁለት ዓመት በፊት «ውኃ ጠጥቼ መጣሁ» ብላ የወጣችው የአክስቷ ነው።

በሆዷ ያለው ልጅም ተንቀሳቀሰ።

«ይህ ቁርበት... የማን ነው አያ ጅቦ?»

«የዘመድሽ ነው» አለ ጅብ፤ ወዲያው አፉን በመዳፉ ያዘ። «ማለቴ፣ ከዘመድ ያገኘሁት ነው። አንቺን ለመሰለች እንግዳ ነው ያስቀመጥኩት። ተኚበት፣ ልክሽ ነው!»

ቢሮጡ መሮጥ የለም። ቢራገጡ ሆድ ከብዷል። እመት አህዪት ፈገግ አለች።

«ቦታው ግሩም ነው። ግን ባለትዳር ሆኜ፣ ባሌ ሳያየው ሰው ቤት ጋደም ብል ምን ይለኛል? ልሂድና ይዤው ልምጣ።»

የጅብ ዐይን ፈጠጠ። «ባል አለሽ እንዴ?»

«አለኝ እንጂ።»

«ወፍራም ነው?»

«ክረምት ከበጋ ከመጋጥ ቀና ብሎ አያውቅም።»

ለሃጩ ቁርበቱ ላይ ተንጠባጠበ። «አምጪው! እኔ እዚሁ እጠብቃለሁ። ቀስ በሉ... ማለቴ ፍጠኑ!»

«አማቴንም ላምጣቸው?»

«አማትም አለሽ!» አለ ጅብ፤ ከደስታው ብዛት ማነከሱን ረስቶ በአራት እግሩ ዘለለ።

እመት አህዪት ቀስ ብላ፣ ወገቧን ይዛ፣ ዞር ብላ ሳታይ ወጣች። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል። ያን ቀን ግን አባ አህዮ ከሚግጥበት ሳይነቃነቅ፣ ወሬውንም ሳይሰማ፣ ሚስቱን ከጅብ አስጣለ። እስከ ዛሬም አያውቅም።

ጉብታውን ካለፈች በኋላ ቆመች። ጭሪት ማጅራቷ ላይ ናት።

«ጭሪት፣ ለጅብ የነገርሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ? ለጅብ? እትዬ ትሙት! እኔ የምነግረው ለቀበሮ ብቻ ነው።»

«ምን ምኑን ነገርሽው?»

«ሁሉንም!» አለች ጭሪት ክንፏን እያርገበገበች። ሥራዋን በደንብ በመሥራቷ ኮርታለች። «ስንት ጊዜ እንዳዛጋሽ እንኳ አልቀረብኝም!»

እመት አህዪት መንገዱን ወደ አያ አንበሶ ችሎት አዞረች።

አያ አንበሶ ዋርካው ሥር ተጋድሟል። የእሱም ወፍ ከጆሮው ጀርባ ትለቅምለታለች፤ ዐይኑ በምቾት ተጨፍኗል፤ ሻጭ ግን ደጁ ደርሶ አያውቅም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሲያዛጋ አፉን በመዳፉ ይሸፍናል፤ እንስሳቱም በእርጅናው ትሕትና ጨመረ ብለው ይደነቁበት ነበር። እመት አህዪት የደረሰባትን ሁሉ ከወንዙ እስከ ቁርበቱ ተናገረች።

«ጌታዬ» አለች በመጨረሻ፤ «የምጠይቀው ካሳ አይደለም። ጀርባዬ የእኔ ነው፤ ሆዴም የእኔ ነው። ስተነፍስ ሳልቆጠር ልኑር። ልጄንም ጅብ ሳይሰማ ልውለድ።»

ቀበሮ ተጠርቶ መጣ። የደረቀ የጭቃ ገል በአፉ ይዟል። ፊቷ አስቀመጠው።

«ይህ ኮቴ የማን ነው እመት አህዪት?»

«የእኔ ነው።»

«በቃ! ውሉን ጀንበር ከመውጣቷ እስከ ቀትር ድረስ ቃል በቃል ነግሬአችኋለሁ። ጉሮሮዬ እስኪነቃ!»

«ታዲያ ጅብ እንዴት ሊያውቅ ቻለ?»

«ጅብ ምንም አያውቅም፤ ይህንን አገር ሁሉ ይመሰክራል» አለ ቀበሮ፤ ችሎቱም ሳቀ። «ጅብም እንደ ሻጮቹ ወደ እኔ መጥቶ አህያ እፈልጋለሁ አለኝ። እኔም የከበደች፣ የደከማት፣ ጥላ የምትመኝ አህያ ጆሮ አጠገብ ቦታ አለኝ አልኩት። ከአደኑ ግማሹን ሰጠኝ፣ ቦታውን ወሰደ። ወሬሽን አልሸጥኩም እኮ እመቴ። ያከራየሁት የጆሮሽን ጥግ ነው።»

«የጆሮዬን ጥግ! ለጅብ!»

«ደግሞስ» አለ ቀበሮ ወደ አንበሳው ዞር ብሎ፤ «ያልሰረቀ፣ ያልገደለ ምን ይደብቃል ጌታዬ? ንጹሕ ሰውነት ምስጢር የለውም።»

አያ አንበሶ ራሱን ነቀነቀ። ወፏ ደስ የሚለውን ቦታ አግኝታለት ነበር። «ቀበሮ እውነቱን ነው» አለ። «እኔም አትሜአለሁ፤ እኔም ወፍ አለኝ። ምን ሆንኩ? ንጹሕ ምን ይፈራል?» ይህን ብሎ ሊያዛጋ ሲል አፉን በመዳፉ ሸፈነ።

እመት አህዪት ያንን መዳፍ አየችው። ከሥሩ ምን እንዳለ አታውቅም፤ ነገር ግን መዳፍ ያለ ምክንያት ወደ አፍ እንደማይሄድ ታውቃለች።

«እንግዲያው ጌታዬ፣ አንዲት ነገር ልለምን። ለእኔ ወንዙ ዳር በአደባባይ ነው የተጮኸው። እርስዎ የሚደብቁት ከሌለ፣ ሻጮቹ ለእርስዎም እዚሁ ችሎት ላይ ይጩሁልዎ። ቀበሮ ከእርስዎ ደጅ ያገዳቸው ለምን ይሆን?»

ቀበሮ ጆሮውን ጣለ። «ኧረ አያስፈልግም! ጌታዬ የተከበሩ ዳኛ ናቸው፤ ለሳቸው እንዲህ ያለ ጫጫታ...»

«ምን ማለትህ ነው?» አለ አያ አንበሶ። «አንበሳ ጫጫታ ፈራ ሊባል ነው? ይግቡ! ይጩሁ!»

ሻጮቹ ይህን ደጅ ሲመኙ የኖሩ ናቸው። ተጋፍተው ገቡ።

«የላመ ሥጋ! ማኘክ ለማይችል!» አለች ጦጣ።

«ለሚነቃነቅ ክራንቻ ማጣበቂያ ሙጫ!» አለ ጃርት።

«ጭቃ! የሚረግፍ ጋማ ለመሸፈኛ!» አለ ከርከሮ። «ነጎድጓድ ሲሰማ ለሚደነግጥም የጆሮ መድፈኛ ይሆናል!»

እንስሳው ሁሉ አንበሳውን ላለማየት መሬት መሬቱን ያይ ጀመር፤ ኤሊ አንገቷን ጨርሳ አስገባች። አያ አንበሶ ተነሣ። አገር የሚያንቀጠቅጠውን ግሣቱን ሊለቅ አፉን ከፈተ። አገሳ። ከግሣቱ ጋር አንዲት ክራንቻ ተወርውራ ወጣችና ከቀበሮ እግር ሥር ዱብ አለች።

የሣቀ አልነበረም። መሣቅ የፈለጉ ግን ነበሩ፤ ፍየል ጢሟን እየነከሰች ነው የተረፈችው።

«ይህን» አለ አያ አንበሶ፤ አየር በጎደለው ጥርሱ በኩል እያፏጨ፤ «ይህን ሌላ ማን ያውቃል?»

ቀበሮ ክራንቻዋን ሸሽቶ ወደ ኋላ ተራመደ።

«ከወንዝ ማዶ ያለው ጎረምሳ አንበሳስ? ባለፈው ሳምንት ድንበሬን አልፎ የገባው እሱስ ያውቃል?»

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታዬ፣ የእርስዎን ወሬ አልሸጥኩም። እኔ ያከራየሁት የ... የጆሮዎን...»

አልጨረሰውም። እመት አህዪት በዚህ ደስ ይላታል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አልተደሰተችም። ሽማግሌው አንበሳ የወደቀ ጥርሱን በመዳፉ ሸፍኖ ሲቆም ስታይ፣ ወንዙ ዳር የቆመችው እሷ ራሷ መሰለቻትና አሳዘናት።

«ጌታዬ፣ ጥርስ ማርጀት ወንጀል አይደለም» አለችው በዝግታ። «ማርገዝም አይደለም። ግን ሁለታችንም ልንሞትበት ነበር።»

አያ አንበሶ መዳፉን ከአፉ አወረደ። «ጥርሱ የእኔ ነው» አለ። «ወሬውም የእኔ ነበር።»

ከዚያም ፈረደ። ወፎቹ ከፈለጉ መዥገር ይልቀሙ፤ ለእነሱም ምሳቸው ነው። ነገር ግን ያልጠሯቸው ጀርባ ላይ አይቀመጡም፤ ከጀርባ የሰሙትንም ወደ ሌላ ጆሮ አያሻግሩም። ማንኛውም ውል አንድ ጉርሻ ሣር ታኝኮ ሳይዋጥ ተነግሮ የሚያልቅ ይሁን፤ እንቅልፍ የወሰደው እንስሳ ያተመው ኮቴም ኮቴ አይባልም። ሾላው ሥር ያለው የደረቀ ጭቃ ሁሉ ያን ቀን ውኃ ፈሰሰበትና ለሰለሰ። ከርከሮ ወዲያው ገብቶ ተንከባለለበት።

በቀበሮ ላይ ደግሞ አንድ በጋ ሙሉ ሦስት ወፎች ጀርባው ላይ እንዲቀመጡና ያዩትን ጮክ ብለው እንዲናገሩ ተወሰነ። «ቀበሮ አሁን ከጉድጓዱ ወጣ! ቀበሮ የዶሮ ላባ ተፋ! ቀበሮ ጥንቸሏን አያት፣ ጥንቸሊት ሩጪ!» በጋው ሲያልቅ ቀበሮ እንደ ሸንበቆ ቀጥኖ ነበር። «ኧረ ስለ ፈጣሪ!» ይል ነበር ያገኘውን ሁሉ፤ «ትንሽ ለብቻዬ ልሁንበት!»

አያ ጅቦ ከጉብታው ጀርባ ሦስት አህያ ሲጠብቅ ሰነበተ። በአራተኛው ቀን ረሃቡ ቢጠናበት ያነጠፈውን ቁርበት በላው። ከዚያ በኋላ እንግዳ ቢመጣ የሚያነጥፈው ስላጣ ቤቱን ዘግቶ ሄደ።

እመት አህዪትስ? ጭሪት ሁለት ቀን ስትዞር ቆይታ በሦስተኛው መጣችና፣ ከፊቷ ካለ ድንጋይ ላይ ቆማ «እትዬ፣ ልቀመጥ?» አለች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መጠየቋ ነው። «ዛሬ አይሆንም» አለቻት እመት አህዪት። ጭሪትም «እሺ» ብላ በረረች።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት እንስሳት ውኃ ሲጠጡ፣ እመት አህዪት ጆሮው ከቁመቱ የሚበልጥ ውርንጭላ አስከትላ ወደ ወንዝ ወረደች። ማንም ቀድሞ አልተነፈሰም። ጦጣ እንኳ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ዛፍ ላይ ተቀምጣለች። ውርንጭላው አፉን ውኃው ላይ አሳርፎ አንዴ ሲጎነጭ እልልታው ቀለጠ፤ አያ አንበሶም ጥርሱ ጎድሎ አፉን ሳይሸፍን ሣቀ።

የት ወለደችው አትሉም? እኔም አላውቅም። ባውቅም አልነግራችሁም።

ከዚህ የምንማረው፣ ወፍም ሆነ ስልክ፣ በነፃ ላገልግላችሁ የሚለን ሁሉ የሰማውን ለማን እንደሚያደርስ ሳንጠይቅ እግራችንን ጭቃ ላይ ማተም እንደሌለብን፣ የራስን ጉዳይ ለራስ መያዝም የጥፋተኛ መሸሸጊያ ሳይሆን የባለቤቱ መብት መሆኑን ነው።